የአባ ፈገግ እግር

ይድረስ ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ ለስጦታ ሀብተ ሚካኤል፣ ካርቱም።

እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ራስ ምታት ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ሙቀቱ ሲበረታ ይነሣብሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እህል ውሃው ይስማማሻል? አብረውሽ የሚሠሩትስ ሰዎች ደጎች ናቸው? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ማርያም ትመስገን ደኅና ነን። ብርዱም ደኅና ነው፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ጠባዩን አልለወጠም፤ የደባርቅን ሰው ዛሬም ጠዋት ጠዋት ጋቢ አስከናንቦ ፀሐይ ላይ ያስቀምጠዋል። ከብቱ ደኅና ነው። ጎተራው ዘንድሮ ገብስ አላጣም። እማዬን ጉልበቷን ያማታል፤ አፏን ግን ምንም አላመማትም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ጽሕፈቴ ከወትሮው የከፋ መስሎ ቢታይሽ አትፍረጂብኝ፤ ከደስታ ብዛት እየቸኮልሁ ነው የምጽፈው። ባለፈው ደብዳቤሽ «አባባ ካላዩኝ መምጣቴ ምን ይረባል? ፊቴን በእጃቸው ሲዳስሱኝ የምችለው አይመስለኝም» ብለሽ ነበር። ደብዳቤሽን ለቤተሰቡ ሳነብ ያችን መስመር ዘለልኋት። ብቻዬን ስሆን ግን ደጋግሜ አነበብኋት፤ አለቀስሁም። ይህ ደብዳቤ ለዚያች መስመር መልስ ነው። መልሱን ግን ገና ከአፋፉ ላይ አልሰጥሽም። ልጅ ሳለን አንቺም ወግ ስትነግሪኝ እንዲህ እያደረግሽ ነበር የምታቃጥይኝ። ዛሬ ተራው የእኔ ነው፤ ታገሺ።

የአባባን ነገር ታውቂያለሽ። አንቺ ስትሄጂ ጭጋግ ጭጋግ ይላቸው የነበረው ዓይናቸው በሁለተኛው ዓመት ጨርሶ ተጋረደ። ሞራ ነው፣ ይገፈፋል፣ ይድናል ተባለ። አንቺ በየደብዳቤሽ ብትለምኚ፣ እማዬ ለማርያም ብትሳል፣ እኔ ብቆጣ፣ እሳቸው ወይ ፍንክች! «ድጓውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ተማሪዎቼ አቋቋሙን ቢስቱ ከመቋሚያቸው ድምፅ ለይቼ አርማቸዋለሁ። የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ እግሬ ያውቀዋል። የእናትህን ፊት በልቤ ይዤዋለሁ። በቃሌ ያልያዝሁት ምን የሚታይ ነገር ቀረና ነው ዓይኔን ለምላጭ የምሰጥ?» ይላሉ። ለእንዲህ ያለ መሪጌታ ምን ተብሎ ይመለሳል? ስድስት ዓመት መልስ አጥተን ኖርን።

መልሱን ያመጣው ማን ነው ብትይ፣ አባ ፈገግ ነው። አዎ፣ ራሱ ነው! የአንቺው አባ ፈገግ!

ጎንደር ከአክስታችን ዘንድ ሆነሽ ስትማሪ ሲኒማ አዳራሽ ገብተሽ ያየሽው፣ ክረምት ስትመጪ ከማገዶው ክምር ላይ ወጥተሽ ያሳየሽኝ ያ የፈረንጅ አክተር ነዋ! ስሙን መጥራት ቢያቅትሽ «ጀግና ያለ ፈረስ ስም አይሆንም» ብለሽ አባ ፈገግ ያልሽው። እኔ ያኔ የወተት ጥርሴን የምነቅል ነበርሁ። ቀጭን ጢሙን በከሰል በከንፈርሽ ላይ ስለሽ፣ የእማዬን ነጠላ ካባ አድርገሽ፣ የአባባን መቋሚያ እንደ ሰይፍ ይዘሽ ከግንድ ወደ ግንድ ስትዘይ አሁንም ይታየኛል። መቋሚያው ከሁለት እስኪሰበር ድረስ! «አህያ ረገጠው» አልሻቸው። እሳቸውም ዝም አሉ። እኛም አመኑን ብለን ስንስቅ ከረምን።

እንግዲህ ባለፈው መስቀል ማግሥት፣ ገዱ ከጎንደር በጆንያ ሙሉ አሮጌ ካሴት አስጭኖ መጣ። ገዱን ብታይው ታውቂዋለሽ፤ የታች ሰፈር ልጅ ነው፤ ከገበያው በላይ ቪዲዮ ቤት ከፍቷል። በሩ ላይ ብርድ ልብስ ጋርዷል፣ ከውጭ ጀነሬተሩ ይንደቀደቃል፣ ውስጡ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። እኔ ቱሪስት ይዤ ወደ ተራራው የማልወጣ ከሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ ለገበያተኛው እተረጉማለሁ። በዚያ ቅዳሜ ገዱ አንዱን ካሴት ሳያይ ከዴኩ ከተተው። ፊልሙ ቀለም የለውም፣ ጥቁርና ነጭ ነው። ሰዉ «ይኼ የአያቴ ነው፣ አውጣው!» እያለ ማጉረምረም ጀመረ። በዚህ መሐል አንድ ሰውዬ ከሰገነት በመጋረጃ ተንጠልጥሎ ወረደና፣ ሰይፉን መዝዞ፣ ፈገግ አለ።

እታለም ሙች፣ አወቅሁት! መልኩን በሥዕል እንኳ አይቼው አላውቅም፤ ያየሁት በአንቺ ፊት ላይ ብቻ ነው። ግን ወዲያው አወቅሁት። ቆሜ «አባ ፈገግ!» ብዬ ስጮኽ ቤቱ በሙሉ ዘወር አለብኝ።

ምን ብዬ ልንገርሽ! አንቺ ያልነገርሽኝ ብዙ ነገር አለው። ለካ ፈገግታው በአፉ አይጀምርም፤ አስቀድሞ አንድ ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያ ነው ጢሙ የሚነቃነቀው። ነጭ ሸሚዙ ደረቱ ድረስ ክፍት ነው፤ በዚህ አየር ቢሆን ሳንባውን ይዞት አሥር ጊዜ ሞቶ ነበር። አምስት ስድስት ሆነው ሲመጡበት አይቸኩልም። ግብዣ እንደተጠራ ሰው ነው የሚቀበላቸው። ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፣ በደረጃው እጀታ ላይ ይንሸራተታል፣ ከመርከብ ምሰሶ ገመድ ይዞ ይወረወራል፤ ባርኔጣው ግን ከራሱ አትወድቅም! አንድ ከአምቢኮ ለገበያ የወረዱ ሽማግሌ ሰይፉን አይተው «ይኼማ ወስፌ ነው፤ ስፌት ሊሰፋበት ነውን?» ብለው አፌዙ። ጥቂት ቆይቶ የጠላቱ ሰይፍ ከእጁ ወድቃ በደረጃው ተንከባለለች። አባ ፈገግ ሊወጋው ይችል ነበር። እሱ ግን በሰይፉ ጫፍ አንሥቶ ወርወር አደረገለት፤ ያዝና እንቀጥል እንደማለት። ሽማግሌው ብድግ ብለው «የወንድ ልጅ! ማን ወለደው?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ወስፌ የሚል አልተገኘም።

ትርጉሜን ብትሰሚው ደግሞ በሳቅ ትሞቻለሽ። የእኔ እንግሊዝኛ የተራራ እንግሊዝኛ ነው፤ ገደል ነው፣ ጭላዳ ነው፣ በቅሎው ደክሟል፣ እዚህ እናርፋለን፣ ከዚህ አያልፍም። አባ ፈገግ ደግሞ ስለ በቅሎ አይናገርም። ስለዚህ ያልገባኝን ከአንቺ የሰማሁትን እሞላበታለሁ። አንቺም ያልነገርሽኝ ከሆነ ከራሴ እጨምራለሁ። ሰይፍ ሲመዝ እሱ ምናልባት እንደምን አመሻችሁ ይሆናል ያለው፤ እኔ ግን አስፎክረዋለሁ፦

«ዘራፍ አባ ፈገግ፣ ሲቆጣ የሚስቅ፣
ወዳጁ ሲፈካ፣ ጠላቱ ሲሳቀቅ!»

ቤቱ ይናጋል! ከንጉሡ ልጅ ጋር የሚሳሳሙባት ቦታ ስትደርስ ገዱ ጋቢውን አውልቆ ቴሌቪዥኑን ያለብሰዋል፤ እኔም ጤና እየተጠያየቁ ነው እላለሁ። አንድ ችግር ብቻ አለ። ካሴቱ መጨረሻው የለም። መርከቡ እየነደደ፣ አባ ፈገግ ገመድ ይዞ ወደ ሌላኛው መርከብ ሲወረወር፣ ልክ አየር ላይ ሳለ ጭርር ይልና ቴሌቪዥኑ በረዶ ብቻ ይሆናል። ያችን ጫፍ ዴክ በልቷታል። ስለዚህ መጨረሻውን በየሳምንቱ እኔ እሠራዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ከንጉሡ ልጅ ጋር አጋባሁት። በሌላው ቅዳሜ ዓለም በቃኝ ብሎ ዋልድባ እንዲመንን አደረግሁት፤ ሴቶቹ አለቀሱ። እውነተኛውን መጨረሻ ከአንቺም አልሰማሁትም። መቋሚያው የተሰበረው እዚያችው ዝላይ ላይ አልነበር? ከዚያ እማዬ ጠራችሽ፣ ወጉም ቀረ።

እንዲህ ስንደሰት የአባባ ተማሪዎች ለካ ወደ ገዱ ቤት ይሾልኩ ኖሯል። ከትምህርት መቅረታቸው ሳያንስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ኋላ በመቋሚያ ይሳየፋሉ። አባባ የመቋሚያውን ቋ ቋ ቋ ሰሙ። የዝማሜ አይደለም፤ የማንም መምህር ዜማ አይደለም። ጠየቁ፤ ቪዲዮ ቤት ተባሉ። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ እማዬን አስመርተው ያን ቤት ሊገዝቱ መጡ።

እኔ መሐል ፉከራ ላይ ነበርሁ። ብርድ ልብሱ ተገለጠ፤ ጥምጣማቸው ቀድሞ ገባ። ሰዉ ሁሉ ተነሣ። ገዱ በኋላ በር ወጥቶ ጀነሬተሩ ጀርባ ተደበቀ። እኔ ፉከራዬን አቋረጥሁ። ተራራ ላይ ነው የሚሉኝ፤ ድምፄን ደግሞ ከሺህ ሰው ለይተው ያውቁታል። ፊልሙን የሚያቆመው ሰው ስለጠፋ አባ ፈገግ ምንም እንዳልተፈጠረ በደረጃው ላይ መሳየፉን ቀጠለ። አባባ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። ከዚያ እጃቸው እዚያው ቀረ። አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ፤ ያ ተማሪ ሲሳሳት የሚያደርጉት ዓይነት። ቆይተው «ማነው ሲናገር የነበረ?» አሉ። «እኔ ነኝ አባባ» አልሁ፣ ምድር ብትውጠኝ እየወደድሁ። «ታዲያ ለምን አቆምህ?» አሉ!

ወንበር ሰጠናቸው። መገዘቱን የሚያነሣ የለም። እኔ ስለ ጀግንነቱ ልተርክ ብሞክር «ተወው እሱን፤ እግሩን ንገረኝ» አሉ። እግሩንም ብነግራቸው አልጣማቸውም። «ሁለቴ ይረግጣል፤ ሰማሁት። በሦስተኛው ሰይፉ ይሰማል፣ እግሩ ግን አይሰማም። ያች ሦስተኛዋ እግር የት ትሄዳለች?» አሉ። «ይዘላል አባባ» ብላቸው «የዘለለ አይወርድምን? ሲወርድ አይሰማምን? አንተ አይተህ አላየህም» ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ፊቱን እንጂ እግሩን አይቼ አላውቅም። ሲወጡ ደግሞ «ይህን ሰውዬ የማውቀው መሰለኝ» አሉ። አልገባኝም፤ እርጅና ነው ብዬ አለፍሁት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ያች ሦስተኛ እግር እንቅልፍ ነሣቻቸው። እምድጃው ዳር ተቀምጠው ጠብ፣ ጠብ ያደርጋሉ፤ ከዚያ እግራቸውን ከፍ አድርገው የት እንደሚያሳርፏት ያጣሉ። እማዬ «መሪጌታ፣ ቤቱን ሊያፈርሱት ነው እንዴ?» ትላለች። «በአገሩ ያለ አቋቋም ሁሉ በእጄ ነው፤ የጎንደርን አውቃለሁ፣ የደረስጌን አውቃለሁ፤ ይህች ከማን ወገን ናት?» ይላሉ። እኔ ምክንያት አገኘሁ ብዬ «ዓይንዎ ቢበራ በአንድ አፍታ ያዩዋት ነበር» ብላቸው ዝም አሉ። እምቢ አላሉም! ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ዓይናቸው ተነሥቶ እምቢ ሳይሉ የቀሩበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። እኔ ግን እንዳይደነብሩብኝ ፈርቼ አልገፋሁም።

በኅዳር መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ይዤ ተራራው ላይ ሳንካበር ወጣሁ። እሳት ዳር ሆነን በበትር የአባ ፈገግን አሠራር፣ ቅንድቡንም ጭምር ባሳየው፣ ሰውዬው አወቀው! በልጅነቱ እሱም እንደ እኔ አብዶለት ኖሯል። ተነሥቶ በምርኩዙ ገጠመኝ፤ በቅሎዎቹ ደነገጡ። መጨረሻውን ጠየቅሁት፤ ፊልሙ ብዙ ስለሆነ ተደባልቆብኛል አለ። አሁን የት ይኖራል ብዬ ብጠይቀው ግን ሞቷል አለኝ። ከሞተ አርባ ዓመት አልፎታል አለ። እኔ ሳልወለድ ማለት ነው! እታለም፣ የሥጋ ዘመዴን ያረዱኝ ያህል ከበደኝ። ያን ሁሉ ሲዘል፣ ሲስቅ፣ ያን ሁሉ ስፎክርለት፣ ለካ የለም።

ስመለስ ለአባባ ነገርኋቸው። «ነፍስ ይማር» አሉና «የክርስትና ስሙ ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኋቸው። «ስሙን ሳላውቅ እንዴት ብዬ አስበዋለሁ?» ብለው አዘኑ። ከዚያ ምድጃውን በመቋሚያቸው ነካ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «እንግዲያስ ሞቶ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው እየዘለለ ተማሪ ይሰበስባል። ነፍሴ ያልወጣችው እኔ አመድ ታቅፌ እግሩን በጆሮዬ እፈልጋለሁ። በቃሌ ያልያዝሁት ነገር ተገኘ፤ ምን ላድርግ? አውቶቡሱ መቼ ነው?» እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ምን ተወለደ ብሎ መጣ።

እንዲህ ሆኖ በታኅሣሥ ጎንደር ወረድን። እማዬ በዳባት እስክናልፍ ልባቸው እንዳይለወጥ እጃቸውን ይዛ ነበር። ሐኪም ቤቱ የቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ገፈፈ። በማግሥቱ ሐኪሟ ፋሻውን ስትፈታ እማዬና እኔ ከአጠገባቸው ቆመን ነበር። አባባ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት፣ ጨፈን ከፈት አደረጉ። ሐኪሟ «አባቴ፣ ምን ይታይዎታል?» አለች። አንገታቸውን ወደ መሬት ደፉና «እግርሽ ይታየኛል። የቀኝ ጫማሽን ክር አላሰርሽውም፤ ይጥልሻል» አሏት!

አዩ እታለም! አባባ አዩ! ይኸውልሽ፣ የምሥራቹ ይህ ነው። ሐኪሟ እየሳቀች ጫማዋን አሰረች፤ እኔ ግድግዳ ተደግፌ እንደ ሕፃን አነባሁ። ወደ እኔ ዞረው «ያርጋል፣ አንተ ነህን? ይህን ጺም ማን ፈቀደልህ?» አሉኝ። እማዬስ? እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ግድግዳው ዞራለች። «የሺወርቅ፣ ዙሪ እንጂ» አሏት። «አርጅቻለሁ፣ ሸብቻለሁ፤ በልብዎ የያዙት ይሻልዎታል» አለች። «እሱን በቃሌ ይዤዋለሁ። አሁን ደግሞ ይህኛውን ላጥና» አሉ። አንድ ሐኪም ቤት ሙሉ ሰው አለቀሰ ብልሽ አታምኚኝም።

ደባርቅ ስንደርስ ገዱ ካሴቱን ይዞ አውቶቡስ ተራ ቆሟል። አባባ ግን በጾመ ነቢያት አላይም አሉ። ገና እስኪያልፍ በትዕግሥት ጠበቁ። እኔ ግን ልሞት ነበር። ገና ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ ግማሽ ደባርቅ ገዱ በር ላይ ተገኘ። አባባ ከፊት ተቀመጡ። የመሳሳሟ ቦታ ስትደርስ ገዱ እንደ ልማዱ ጋቢውን ቢያለብሰው «ስድስት ዓመት ተሸፍኖብኝ ኖሬ አሁን ደግሞ አንተ ትሸፍንብኛለህን? አንሣ!» አሉት። አነሣ። አባባ ሳል ሳል አላቸውና ጣራውን አዩ።

ከዚያ ደረጃው መጣ። እኔም አልተረጎምሁም። አባ ፈገግ ሁለቴ ረገጠ። አባባ ከወንበራቸው ተነሡ። «መልሰው» አሉ። ገዱ ለማንም መልሶ አያውቅም፤ ለእሳቸው መለሰ። እንደገና መልሰው አሉ። በሦስተኛው ላይ አባባ ጮኹ። «አይረግጥም! ይኸውላችሁ፣ ሦስተኛይቱን አይረግጣትም! እግሩን አንሥቶ ይጠብቃል! ጠላቱ እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ ለዚህ ነው የሚስቀው!» አሉ። እታለም፣ ቤቱ ምን እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም። የአምቢኮው ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ወደ ጣራ ወረወሩ።

ለጥምቀት ታቦት ወጥቶ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ አባባን አየኋቸው። ሁለቴ ረገጡ፤ ሦስተኛዋን አንሥተው ያዝ አደረጓት። በማርያም፣ በዓይኔ አየሁ! ተማሪዎቻቸውም እንዳለ ተከተሏቸው። አንዱ ቄስ ቀርበው «መሪጌታ፣ ይህች እግር ከወዴት መጣች?» ቢሏቸው፣ «የቅዱስ ያሬድ ናት። ሰውዬው ነው ከእኛ የወሰዳት» ብለው እርፍ!

አሁን ግን የቀረችኝን ልንገርሽና ልጨርስ። በዚያ ቅዳሜ መርከቡ ነደደ፣ አባ ፈገግ ገመዱን ያዘ፣ ተወረወረ፣ ጭርር አለ፣ በረዶ ሆነ። አባባ ወደ እኔ ዞረው «ከዚያስ?» አሉ። እኔም እንደ ልማዴ ልፈጥር አፌን ስከፍት «ተው። ከእሷ ያልሰማኸውን አትጨምር» አሉኝ። ከአንቺ መስማቴን በምን አወቁ? ቤት ስንገባ ከቆጡ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወረዱ። ያ መቋሚያ ነው እታለም። ሁለቱም ስባሪ። ያን ክረምት አባባ ከማገዶው ክምር አጠገብ ካለው ካብ ኋላ ቆመው ኖሯል። ሊቆጡ መጥተው፣ ወጉ ቢጥማቸው ጊዜ እዚያው ቀሩ። በየቀኑ ስትተርኪ በየቀኑ ከካቡ ኋላ ይቆሙ ነበር። መቋሚያው ሲሰበርም እዚያው ነበሩ። «ወጥቼ ብቆጣት ቀሪውን አትነግረኝም ብዬ ዝም አልሁ። እንዳልጠይቃትም አባት ነኝ፣ መሪጌታ ነኝ፣ አፈርሁ። ያመለጠ ይሆን ወይስ የሰመጠ ይሆን እያልሁ ይኸው እስከ ዛሬ» አሉ። እማዬ «በጠራኋት ጊዜ ምነው ዝም ባልሁ!» አለች።

መጨረሻውን ጽፈሽ እንድትልኪልን ልጠይቅሽ ነው ብላቸው ተቆጡ። «ትምህርት ከአፍ ነው የሚቀበሉት እንጂ በፖስታ አይመጣም። ትምጣና ማገዶው ክምር ላይ ወጥታ ትንገረኝ። እኔም በዚህ በኩል፣ ከካቡ ወዲህ ተቀምጬ እያየኋት ልስማት» አሉ። ስባሪውን ወስደው በብረት ቀለበት አስገጥመውታል። ከበሩ ኋላ ቆሟል፤ እንዳይነካ ብለዋል፤ የስጦታ ነው ብለዋል።

አባባ ፊትሽን በእጃቸው አይዳስሱም እታለም። በዓይናቸው ነው የሚያዩሽ። ፋሲካ በሚያዝያ መጨረሻ ነው፤ መንገዱንም በመተማ በኩል ሰው ሁሉ ይመላለስበታል።

አባባ ሰላም ብለውሻል፤ ፎቶግራፍሽን መስኮቱ ዳር ወስደው አይተው ሲያበቁ «ከሳች» ብለዋል፤ እውነት ነው? እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ላትጠራሽ ምላለች፣ ወጉን እስክትጨርሺ ብትራብም ዝም እላለሁ ብላለች። ባለቤቴ ትሕትና ሰላም ብላሻለች፤ የማገዶውን ክምር ከፍ አድርገሽ ደርድሪ ብለዋት ከአሁኑ ጀምራዋለች። ገዱም እጅ ነሥቷል፤ አንቺ ሳትመጪ ያን ካሴት ለማንም አላሳይም ብሏል። አባ ፈገግም ሰላም ብሎሻል። ገመዱን እንደያዘ፣ እግሩን እንዳነሣ፣ እዚያው አየር ላይ አንቺን ይጠብቃል። እኛስ መጠበቁን ለምደነዋል፤ የእሱ እጅ እንዳይዝል ቶሎ ነይ።

ወንድምሽ ያርጋል ሀብተ ሚካኤል
ደባርቅ፣ የካቲት 5 ቀን 1994 ዓ.ም.